ውሃው ይቆይ

ዛሬም ካርቶን መጣ ከፖሊስ ጣቢያ፣
ባለቤት የሌለው፣ በአውቶቡስ ተጭኖ የተያዘ ሲሄድ ለገበያ።
ላዩ "የሕፃን ዳይፐር" ይላል፣ ጎኑ ላይ የመዝገብ ቁጥር።
ከፈትኩት፤ በሽንት ቤት ወረቀት የተጠቀለለ ጠጠር።
ጠጠር ይመስላል እንጂ ተክል ነው፣ ነፍስ አለው፣
ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ፣ መሐሉ ላይ ስንጥቅ ያለው፤
እንደ ተዘጋ ከንፈር።
ሁለት መቶ አርባ ከንፈር፣ አንዱም የማይናገር።

መጋቢት ነው ወሩ፣ የበጋው ማለቂያ፣
ከባሕር ጉም መጥቶ የሚያድርበት ከስፕሪንግቦክ ጉያ።
ማግሪታ ነው ስሜ። ሹፌሩ ፒትሩስ ሲቀልድ
"የጠጠር አዋላጅ" ይለኛል፤ እሱ ይሳቅ፣ እኔ ላስወልድ።

ሸክላው ቂጡ ይበሳ። ውሃ መውጫ ያጣ
ቤት ሳይሆን ጉድጓድ ነው፣ ለሥር ትልቅ ጣጣ።
ሁለት እጅ ሻካራ አሸዋ፣ አንድ እጅ ብቻ አፈር፣
የሞተውን ሥር በጥፍር ቆረጥ፣ የቀረውን ማክበር፤
እስከ አንገቱ ቀብሮ፣ ነጭ ጠጠር ማልበስ፣
ከዚያ እጅን አጣጥፎ
ምንም አለማፍሰስ።

ይሄ ነው ከባዱ። አዲስ ልጅ ስትቀጠር የሚያደክመኝ፣
"ጠምቶታል እኮ!" ትላለች፣ ባልዲ ይዛ ስትለምነኝ።
ጠምቶታል፣ አውቃለሁ። ግን ሥሩ ቆስሏል፣
ቁስል ላይ የፈሰሰ ደግነት ይገድላል።
አሥር ቀን ይድረቅ፤ ይጠማ፤ ያኩርፈን፤
ሥር የሚሰደው ሲፈልግ ነው፣ እኛን ሳያስፈቅደን።

ከመቶ በላይ ተክዬ፣ ወገቤ ሲዝል፣ ቀትሩ ሲያልፍ፣
አንዱን አነሳሁና እጄ ቀረ፣ በአየር ላይ፣ እንደ ሰነፍ።
ከሥሩ ጋር ተጣብቃ የመጣች ቅንጣት ነጭ ድንጋይ፣
ወተት ውስጥ ደም ጠብ ያለ የምትመስል፣ ለብርሃን ተይዛ ስትታይ።
አገሯን አውቃለሁ።
ከእናቴ ቤት ጀርባ ያለው ኮረብታ ነው፤ ልጅ ሆኜ ተንከባልዬበታለሁ።
ያን ኮረብታ ደግሞ በጨለማ፣ ያለ ባትሪ የሚወጣው
የእህቴ ልጅ ጌርሾን ነው፣ የመዳብ ጉድጓዱ ሲዘጋ ሥራ ያጣው።

ፖሊስ አልጠየቀኝም። እኔም አልተናገርኩ።
ቅንጣቷን በሽርጤ ጠርጌ ከተክሉ ጎን መለስኩ።

"ወደ ጋራቸው ይመለሱ" ይላል የሚጎበኘን ሁሉ።
የትኛው ጋራ? ከስንት ሸለቆ ተነቅለው በአንድ ካርቶን የተቀላቀሉ!
የዚህን ብቻ አውቃለሁ።
ብናገር፣ አብሮ የሚነቀለውንም አውቃለሁ።

እሑድ ጌርሾን መጣ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ አንገቱን ደፍቶ፣
በሩ ላይ ቆመ፣ ባርኔጣውን ጨምድዶ፣ ዘርግቶ፣ ጨምድዶ፣ ዘርግቶ።
"በፍሬ ስንት ሰጡህ?" ልለው ነበር፤ ዋጥኩት።
"ብላ" አልኩት። አልበላም። ዳቦው ላይ ዝንብ ሲያርፍ ሸፈንኩት።

"ይጸድቃሉ?" አለኝ፣ መደርደሪያውን እያየ።
ስለ ተክሎቹ ይሁን ስለ ራሱ፣ ቃሉ አልለየ።
"ከፊሉ" አልኩ።
ባዶ ሸክላና ማንኪያ ሰጥቼው፣ የአሸዋውን ጆንያ አሳየሁ።

ሰባት ተከለ። በሌሊት መንቀል የለመዱት ጣቶቹ
እንዴት ያለ ልስላሴ አላቸው፣ እነዚያ ሌቦቹ!
አንዲት የሥር ክር አልበጠሰም። አፈር ነፍቶ፣ ጠጠር አልብሶ፣
ስምንተኛው ላይ ባልዲውን ሳበ፣ ዓይኑ እንባ አርግዞ፣ ሆዱ ብሶ፤
"ትንሽ ባጠጣው?"
እጁን ያዝኩት፦ "ተው። ዛሬ አይደለም። ይቆየው።"

በአሥራ አንደኛው ቀን ተመለሰ፣ የራሱን ማንኪያ ይዞ።

ሠላሳ አንዱ በስብሰው ሞቱ። አንድ ማለዳ፣ ጉሙ ዓለሙን ጋርዶ፣ ይዞ፣
ከቅንጣቷ ጎን ያለው ከንፈሩን ገለጥ አድርጎ አየሁት፤
ቢጫ፣ ከሸሚዝ ቁልፍ ያነሰ።
ጌርሾን ወዲያ ማዶ ሸክላ ያጥባል።
አልጠራሁት።